ከማቅለጫው ያመለጡት የኢንካ ምስሎች

ከኢንካ መንግሥት የወርቅና የብር ሥራ እስከ ዛሬ የቆየው አብዛኛው በመዳፍ ላይ የሚያርፍ ነው። ከዛሬዋ ኮሎምቢያ ደቡባዊ ጫፍ እስከ ቺሌ መካከለኛ ክፍል በአንዲስ ተራሮች የተዘረጋ፣ የዋና ከተማውን የፀሐይ ቤተ መቅደስ በወርቅ ንጣፍ የለበጠ መንግሥት የተረፈለት ከጣት እስከ ስንዝር ቁመት ያላቸው የወንድ፣ የሴት፣ የላማና የአልፓካ (የግመል ዘመድ የሆኑ የአንዲስ የቤት እንስሳት) ምስሎች መሆናቸው መጀመሪያ ሲሰሙት ግር ያሰኛል። ኢንካዎች ትልቅ ነገር መሥራት አቅቷቸው አይደለም፤ ትልልቁ ሥራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በእሳት ቀልጦ አለቀ። ትንንሾቹ የተረፉት አስቀድመው ለተራራና ለሐይቅ ስለተሰጡ፣ አቅላጩ ሊደርስባቸው ስላልቻለ ነው። ዛሬ የበረዶው መቅለጥ፣ የወርቅ ዋጋ መናርና የቅርስ ገበያው አንድ ላይ ሆነው ያንን መሸሸጊያ አስተማማኝነቱን አሳጥተውታል። ምስሎቹ ምን እንደሆኑ ሳይረዱ ስለ ጥበቃቸው መነጋገር ስለማይቻል፣ ከታሪካቸው መነሣት ግድ ይላል። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኖቬምበር 16 ቀን 1532 ፍራንሲስኮ ፒሳሮ 168 ያህል ስፔናውያንን አስከትሎ በሰሜናዊ ፔሩ ደጋ በምትገኘው በካሃማርካ የኢንካውን ንጉሥ አታሁዋልፓን ማረከ። ንጉሡ ነፃነቱን ለመግዛት ሰባት ሜትር በአምስት ሜትር ገደማ የሚሆን ክፍል፣ ከሰው ቁመት በላይ በግድግዳው ላይ እስከ ተሰመረ ምልክት ድረስ አንድ ጊዜ በወርቅ፣ ሁለት ጊዜ በብር ሊሞላላቸው ቃል ገባ። ከግዛቱ ማዕዘናት ሁሉ ማሰሮውም፣ ሳህኑም፣ ጌጡም በሰው ጀርባና በላማ እየተጫነ መጣ፤ ከዋና ከተማው ከኩስኮ የፀሐይ ቤተ መቅደስ፣ ከኮሪካንቻ፣ 700 ያህል የወርቅ ንጣፎች ከግድግዳው ተገንጥለው ተላኩ። በ1533 ለወራት በነደዱት ምድጃዎች የሠሩት የአገሩ አንጥረኞች ራሳቸው ነበሩ፤ እነርሱና አባቶቻቸው ያበጁትን ሥራ በገዛ እጃቸው ወደ ጡብ ለወጡት። ከዚያ አንድ ክፍል ብቻ ወደ 6 ቶን የሚጠጋ ወርቅና ወደ 12 ቶን የሚጠጋ ብር ወጣ። አንድ አምስተኛው ለስፔን ንጉሥ ተለየ፣ የቀረው ለወታደሮቹ ተከፋፈለ፣ ቤዛውን የከፈለው አታሁዋልፓም በዚያው ዓመት ታንቆ ተገደለ።

ፔድሮ ሲዬሳ ዴ ሊዮንን የመሳሰሉ የዘመኑ ጸሐፊዎች በኮሪካንቻ ቅጥር ግቢ ከወርቅ የተሠራ የበቆሎ ማሳና የወርቅ ላማዎች እንደነበሩ ጽፈዋል። ከዚያ የአትክልት ስፍራ አንድ ላማ እንኳ አልቀረም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ኢንካ አንጥረኛ ጥበብ የምናውቀው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል ያረፈው ባለቤቶቹ ራሳቸው ከሰው ዓይን ባራቋቸው ምስሎች ላይ ነው። በመጋዘንና በቤተ መቅደስ የተጠበቀው ጠፍቶ፣ ለዘለቄታው የተሰጠው መገኘቱ የዚህ ታሪክ እንብርት ነው።

ምስሎቹ የተሰጡበት ታላቁ ሥርዓት ካፓኮቻ ይባላል። ቃሉ የኢንካዎች መንግሥት ይነገርበት ከነበረው ከኬቿ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ "ካፓክ" የንጉሥ የሆነን ነገር፣ "ሁቻ" ደግሞ በደልንም የሚከፈል ግዴታንም ያመለክታል። ክሪስቶባል ዴ ሞሊናና ሁዋን ዴ ቤታንሶስ የተባሉት የአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ንጉሥ ሲነግሥ፣ ሲታመም ወይም ሲሞት፣ እንዲሁም ድርቅና የመሬት መንቀጥቀጥ የመሰለ መዓት ሲመጣ፣ ከአራቱ የግዛቱ ክፍሎች የተመረጡ ሕፃናትና ልጃገረዶች ወደ ኩስኮ ይወሰዱ ነበር። በዋና ከተማው ከተከበሩና ከተባረኩ በኋላ ከካህናትና ከመባ ተሸካሚዎች ጋር እንደገና ወደየተወሰነላቸው ስፍራ ይጓዛሉ፤ ብዙ ጊዜም መድረሻቸው እንደ አምላክ የሚፈራ የተራራ ጫፍ ነበር። እዚያም ሕይወታቸው ያልፋል። የወርቁና የብሩ ምስሎች፣ ጨርቁ፣ የሸክላ ዕቃውና ምግቡ አብሯቸው ይቀበራል።

ስለ ምስሎቹ ውበት የሚጽፍ ሰው ይህን በለሆሳስ ሊያልፈው አይገባም። ብዙዎቹ የሚያማምሩ ምስሎች የተገኙት ከሞተ ልጅ አጠገብ ነው። የዘመኑ ሰዎች ድርጊቱን እንደ ክብር ይቆጥሩት እንደነበር ጸሐፊዎቹ ይናገራሉ፤ የልጁ ቤተሰብና የአካባቢው ገዢ ከኩስኮ ጋር ያላቸው ትስስር በዚህ ይጠብቅ ነበር። ይህን መረዳት ይገባል፤ ልጁ ግን ልጅ ነው፤ ማስተዋል የሚያስፈልገውም ሁለቱን አንድ ላይ መያዙ ላይ ነው።

ከሁሉ የተሟላው ማስረጃ የመጣው በ1999 ነው። አሜሪካዊው ዮሃን ራይንሃርድና አርጀንቲናዊቷ ኮንስታንሳ ሴሩቲ የመሩት ቡድን በአርጀንቲናና በቺሌ ድንበር ላይ በሚገኘው በዩያይያኮ እሳተ ገሞራ ጫፍ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 6,739 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የሦስት ልጆችን መቃብር ከፈተ። አንዷ ከ13 እስከ 15 ዓመት የምትገመት ልጃገረድ፣ ሌላው ሰባት ዓመት ገደማ የሆነው ወንድ ልጅ፣ ሦስተኛዋ ከመቃብሯ በላይ በወደቀ መብረቅ ሰውነቷ የተቃጠለ የስድስት ዓመት ገደማ ሕፃን ናት። ቅዝቃዜውና ድርቀቱ አምስት መቶ ዓመት ያህል ስለጠበቃቸው ፀጉራቸው፣ ቆዳቸውና የውስጥ አካላቸው ሳይቀር አልፈረሰም። አብረዋቸው የተገኙት ዕቃዎች ከመቶ በላይ ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ከወርቅ፣ ከብርና ከባሕር እንስሳ ቅርፊት የተሠሩት ምስሎች ይገኛሉ።

ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ የሰውን የመጨረሻ ዓመታት እንደ መዝገብ ይይዛል። በ2007ና በ2013 የታተሙ ምርመራዎች እንዳሳዩት፣ የታላቂቱ ልጃገረድ ምግብ ከመሞቷ አንድ ዓመት ገደማ በፊት ከተራ ገበሬ ማዕድ ወደ በቆሎና ሥጋ ተለውጧል፤ የምትወስደው፣ እንደ ጫት የሚያነቃቃው የኮካ ቅጠል በዚያው ዓመት በብዙ ጨምሯል፤ ከበቆሎ የሚጠመቀው ጠላ መሰል መጠጥ ደግሞ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እጅግ በዝቷል። ስትገኝም የኮካ ቅጠል ገና በአፏ ውስጥ ነበር። ጸሐፊዎቹ በወሬ ሰምተው ያሰፈሩት ነገር በዚህች ልጅ ፀጉር ላይ ተመዝግቦ መገኘቱ ካፓኮቻ የስፔናውያን ማጋነን ነው የሚለውን ጥርጣሬ አስወግዷል።

ከዚህ በኋላ ምስሎቹን ቀርቦ ማየት ይቻላል። ከሴት ምስሎች አንዷን እንውሰድ። ከብረቱ በኩል ስናያት እርቃኗን ቀጥ ብላ የቆመች ናት፤ ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ አሳርፋለች፣ ፀጉሯ ከመካከል ተከፍሎ ወደ ኋላ በሁለት ሹሩባ ይወርድና ጫፉ ላይ አንድ ላይ ይታሰራል። ሠሪው የሹሩባውን ጉንጉን መስመር በመስመር አውጥቶታል። ተራራው ላይ ስትገኝ ግን ይህ አብዛኛው አይታይም፤ ለብሳለችና። ሰውነቷን የሚጠቀልል ቀሚስ፣ ወገቧ ላይ መቀነት፣ ትከሻዋ ላይ እንደ ነጠላ የሚጣል ኩታ፣ ኩታውንም ለማያያዝ ከብረት የተሠሩ ደቃቅ የልብስ መርፌዎች አሏት፤ መርፌዎቹን የሚያገናኘው ክር ሳይቀር ቦታው ላይ ነው። በራሷ ላይ ከራሷ የሚበልጥ የላባ አክሊል ተደፍቷል። ከፊት ለፊት ሲያዩዋት የሚታየው ወርቁ ሳይሆን ፊቷ ብቻ ነው።

ልብሱ ከትልቅ ጨርቅ ተቀዶ የተሰፋ ቁራጭ አይደለም። በአንዲስ ሸማኔዎች ዘንድ ልብስ ከጅምሩ በሚፈለገው መጠን ተሸምኖ አራቱም ዳር ተዘግቶ ያልቃል እንጂ አይቆረጥም፤ ለምስሎቹም የተደረገው ይኸው ነው። ሸማኔዋ በመዳፍ ስፋት ላይ ድሩን ዘርግታ፣ ማጉን አሳልፋ፣ ጥለቱን አውጥታ፣ ዳሩን ዘግታ ሠርታዋለች። ለትልቅ ሰው ከሚሠራው ልብስ የሚለየው በመጠኑ ብቻ ነው። ኢንካዎች ለጥሩ ጨርቅ የሰጡት ክብር ከወርቅ የማይተናነስ እንደነበር የስፔን ጸሐፊዎች በመገረም ጽፈዋል፤ ንጉሥ ለታማኝ ሹም የሚሸልመውም ጨርቅ ነበር። ስለዚህ ምስሏን ወርቅ ስለሆነች ብቻ የሚፈልጋት ሰው ከሠሪዎቿ ዓላማ ግማሹን ወዲያው ይጥላል።

የወንድ ምስሎቹ የሚታወቁት በጆሯቸው ነው። የኢንካ መኳንንት የጆሯቸውን የታች ጫፍ በስተው ትልቅ ጌጥ ስለሚከቱበት ጆሯቸው ይረዝም ነበርና፣ ስፔናውያን "ባለ ትልቅ ጆሮ" የሚል ስም አወጡላቸው። በምስሎቹም ላይ ጆሮው ተጎትቶ ይታያል፤ በራሳቸው ዙሪያ የተጠመጠመ ጥምጥም አለ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ አንዱ ጉንጭ አበጥ ብሏል። ጫት የሚቅም ሰው ጉንጭ እንደሚወጠር ሁሉ ይህም የኮካ ቅጠል በጉንጭ መያዙን የሚያሳይ ነው። አጠገባቸው የሚቀመጡት ላማዎችና አልፓካዎች እንደየዓይነታቸው ተለይተው ተሠርተዋል፤ በኒው ዮርኩ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ያለችውን የብር አልፓካ ያየ ሰው እስከ እግሯ የወረደው ረጅም ፀጉሯ በቦይ በቦይ ተደርጎ እንዴት እንደተቀረጸ አይረሳውም። በዩያይያኮው ወንድ ልጅ አጠገብ ምስሎቹ የተደረደሩት በረድፍ ሲሆን፣ የለበሱ ወንዶች ከላማዎች ጋር የተሰለፉበት አደራደር የቅፍለት ጉዞን ያስታውሳል። በዚያ ተራራ ላይ የተቀበረው ሕፃን ወደዚያ የደረሰው በእንዲህ ያለ ጉዞ ነበር።

አሠራሩን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አይከብድም። ድፍን ሆነው የተሠሩት ምስሎች የሚወጡት በሰም ነው፦ አንጥረኛው ምስሉን በሰም ይቀርጻል፣ በሸክላ ይለብጠዋል፣ ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይፈሳል፣ ባዶውን ስፍራ የቀለጠው ወርቅ ይይዘዋል። የቅኔያችን ሰምና ወርቅ ስሙን ያገኘው ከዚሁ የአንጥረኛ ሥራ ነው። ውስጣቸው ባዶ ሆነው የተሠሩት ግን ሌላ መንገድ ይከተላሉ፤ ወርቁ ወይም ብሩ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ስስ ንጣፍ ይሆናል፣ እየደረቀ እንዳይሰነጠቅ በየመካከሉ በእሳት ይለሰልሳል፣ ከዚያም እግሩ፣ ክንዱ፣ ራሱና አካሉ ለየብቻ ተበጅተው ይበየዳሉ። አንዳንዱ ብየዳ በዓይን ለመለየት የሚያዳግት ነው። ከሥራው ባለሙያዎች ብዙዎቹ ከሰሜናዊው ጠረፍ የመጡ ነበሩ፤ ኢንካዎች በአሥራ አምስተኛው መቶ ዘመን የቺሙን መንግሥት ሲያስገብሩ አንጥረኞቹን ወደ ኩስኮ አምጥተው አስፍረዋቸዋልና።

የአንዲስን የብረታ ብረት ጥበብ ለረጅም ዘመን ያጠናችው ሄዘር ሌክትማን ያነሣችው ሐሳብ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በጠረፉ አካባቢ አንጥረኞች ወርቅን፣ ብርንና መዳብን አዋህደው ከቀጠቀጡ በኋላ ከላይኛው ገጽ ላይ ሌላውን ብረት አሲድነት ባላቸው ነገሮች አስወግደው ወርቁን ብቻ ያስቀሩ ነበር። በውጭ የሚታየው ወርቅ ከላይ የተቀባ ሳይሆን ከውስጥ የወጣ ይሆናል ማለት ነው። ሌክትማን እንዳለችው፣ በዚያ ምድር የዕቃው ገጽታ የውስጡ ማንነት መገለጫ መሆን ነበረበት። ይህ አሠራር ከኢንካዎች በፊት የዳበረ ቢሆንም፣ ለምን አንዱ ምስል በወርቅ፣ ሌላው በብር፣ ሦስተኛው በቅርፊት እንደተሠራ ለመረዳት መንገድ ይከፍታል። ወርቅ የፀሐይ ነው፤ ብር የጨረቃ ነው፤ ስፖንዲለስ የተባለው ቀይ የባሕር ቅርፊት ደግሞ ከኢኳዶር ሞቃት ውኃ ጠልቆ የሚወጣ፣ ከዝናብና ከውኃ ጋር የተያያዘ የአማልክት ምግብ ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ያስቀመጠ ሰው ዓለሙን በሙሉ አስቀምጧል። የነጋዴው ሚዛን ግን ወርቁን መርጦ ቅርፊቱን ይጥላል።

ምስሎቹ የልጆቹ መጫወቻ ወይም ጌጥ ናቸው ብሎ ማሰብም አያስኬድም። ልጅ ሳይቀበርባቸው ምስል ብቻ የተገኘባቸው ተራሮች አሉ። በእኔ እምነት እነዚህ ስፍራዎች የሚያሳዩት ምስሉ በራሱ የሰውን ቦታ ይዞ ሊቆም ይችል እንደነበር ነው፤ በሰው ልጅ ምትክም፣ ከሰው ልጅም ጋር፣ የኩስኮን መገኘት በዚያ ከፍታ ላይ ያጸና ነበር።

እዚህ ላይ የመንግሥቱ እጅ ጎልቶ ይታያል። በ1892 ጆርጅ ዶርሲ የተባለው አሜሪካዊ በኢኳዶር ጠረፍ በላ ፕላታ ደሴት ላይ ያገኛቸው ምስሎችና በ1954 በሳንቲያጎ ዴ ቺሌ አቅራቢያ በኤል ፕሎሞ ተራራ፣ 5,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከአንድ ወንድ ልጅ ጋር የተገኙት በመካከላቸው ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት አለ። አቋቋማቸው፣ የእጆቻቸው አያያዝ፣ የሴቶቹ ሹሩባ አንድ ነው። አንዱ በፓሲፊክ ውኃ የተከበበ ደሴት፣ ሌላው በረዶ የማይለየው ጫፍ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ዓይነት ምስል በሁለቱም ቦታ መቀመጡ የአጋጣሚ ሥራ ሊሆን አይችልም። የማያነብና የማይጽፍ መንግሥት፣ ሒሳቡን በክር ቋጠሮ ይይዝ የነበረ መንግሥት፣ ግዛቱን በእነዚህ ትንንሽ ሰዎች አትሞበታል።

ተራራው የሰማዩ ደጅ ከሆነ ሐይቁ ሌላው ደጅ ነበር። ቦሊቪያና ፔሩ በሚካፈሉት፣ 3,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኘው በቲቲካካ ሐይቅ፣ በፀሐይ ደሴት አቅራቢያ ካለው የኮዋ ዐለት ሥር ጠላቂዎች ከ1977 ጀምሮ የድንጋይ ሣጥኖች ሲያወጡ ቆይተዋል። ቤልጂጋዊው ክሪስቶፍ ዴላሬና ቦሊቪያዊው ሆሴ ካፕሪሌስ በ2020 ያሳወቁት ግኝት ግን ከሁሉ ይልቅ ያስተምራል፤ ምክንያቱም ሣጥኑ ሳይከፈትና ሳይነካ የተገኘ ነው። ቡድኑ በ2014 በሐይቁ ሰሜን ምሥራቅ በካካያ ዐለት አጠገብ፣ 5 ሜትር ከግማሽ ገደማ ጥልቀት ላይ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈለፈለና በድንጋይ ውታፍ የተደፈነ ሣጥን አገኘ። ውስጡ የነበሩት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ ከስፖንዲለስ ቅርፊት የተቀረጸ ላማና የተጠቀለለ ስስ የወርቅ ንጣፍ። ጥቅሉ ርዝመቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ሲሆን፣ መኳንንት ክንዳቸው ላይ የሚያጠልቁትን አምባር በትንሹ ይመስላል። ወርቁ ከሣጥኑ ተለይቶ በገበያ ላይ ቢገኝ ኖሮ ማንም ምን እንደሆነ ባላወቀም ነበር፤ ቁራጭ የወርቅ ወረቀት ነው። ከቅርፊቱ ላማ አጠገብ፣ በተደፈነ ሣጥን ውስጥ፣ በሐይቅ ሥር ሲገኝ ግን ሰው፣ እንስሳና ውኃ የሚገናኙበት ሙሉ መባ ሆነ። ሣጥኑም ለአካባቢው ለኤስኮማ ማዘጋጃ ቤት ተሰጥቷል።

የዛሬው ችግር በትክክል የሚታየው ከዚህ አንጻር ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የቆዩ ስብስቦች ውስጥ ያሉት ብዙዎቹ የኢንካ ምስሎች እርቃናቸውን ናቸው፤ ልብሱ በእርጥበት በስብሶ ወይም በቆፋሪው ተገፍፎ ተጥሏል። ከየትኛው ተራራ፣ ከየትኛው መቃብር፣ ከምን ጋር እንደወጡ የሚናገር ወረቀት የላቸውም። ምስሎቹ ትንንሽና በአንድ ዓይነት መልክ የተሠሩ መሆናቸው ደግሞ ለአስመሳይ አንጥረኛ ምቹ ስለሆነ ሐሰተኛው ከእውነተኛው ጋር ተደባልቋል። የተራራው ታሪክ የሌለው ምስል የሚመሰክረው ስለ ራሱ ብቻ ነው፤ እርሱንም የሚያምነው የለም።

ፔሩ በ1929 ባወጣችው ሕግ ከስፔን ወረራ በፊት የነበሩ የጥንት ስፍራዎችንና ከእነርሱ የሚወጣውን ቅርስ በመንግሥት ባለቤትነት ሥር አድርጋለች። የ1970ው የዩኔስኮ ስምምነት ሕገ ወጥ የቅርስ ዝውውርን ይከለክላል፤ ፔሩና አሜሪካም በ1997 ቅርሶቹ ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ የሚያግድ የሁለትዮሽ ስምምነት ተፈራርመዋል፤ ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት በ2007 ለአደጋ የተጋለጡ የፔሩ ቅርሶችን ዝርዝር አውጥቷል። ሕጉ አለ። ሕጉ የማይደርስበት ግን ከ6,000 ሜትር በላይ ያለው ጠባቂ የሌለው ጫፍ ነው። በአርጀንቲናው በኬዋር ተራራ ላይ ቅርስ ዘራፊዎች መቃብሩን በድማሚት አፈንድተው የሕፃኑን ሬሳ ቆራርጠውታል። የኤል ፕሎሞውን ልጅ ያገኙትም ሀብት ፈላጊዎች ነበሩ፤ ለሙዚየም መሸጣቸው የቅርሱ ዕድል ሆነ እንጂ ከዚያ የከፋ ሊሆን ይችል ነበር።

የገበያውን ግፊት ደግሞ በሌላ አህጉር የሆነ አንድ ጉዳይ አሳይቶናል። በሴፕቴምበር 2025 በካይሮ ከሚገኘው የግብፅ ሙዚየም የጥገና ክፍል 3,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የፈርዖን አሜነሞፔ የወርቅ አምባር ተሰረቀ። ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ በመጨረሻ 4,000 ዶላር ገደማ አውጥቶ ከሌላ ወርቅ ጋር ቀለጠ። በቀጣዩ ወር የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ በዓለም ገበያ 4,000 ዶላርን አለፈ። ካሃማርካ ያለፈ ታሪክ ነው ለሚል ሰው ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል። ወርቅ በቀለጠ ጊዜ የሠሪውን እጅ አያስታውስም፤ የሚሸጠውም ሰው በዚህ ይተማመናል።

ሦስተኛው አደጋ ከሰው እጅ በቀጥታ አይመጣም። ፔሩ ውስጥ በ6,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው የአምፓቶ ተራራ በ1995 "ሁዋኒታ" የተባለችውን ልጃገረድ የሰጠው አጠገቡ ያለው የሳባንካያ እሳተ ገሞራ ትኩስ አመድ በረዶውን ስላቀለጠው ነው። ራይንሃርድና የተራራ ጓዱ ሚጌል ሳራቴ ሲደርሱ መቃብሩ ተደርምሶ ልጅቷ ቁልቁል ተንሸራታ በፀሐይ ተጋልጣ ነበር፤ ከእርሷ ጋር የነበሩ ዕቃዎችም በዙሪያው ተበታትነው ተገኙ። እሳተ ገሞራው በአንድ ተራራ ላይ ያደረገውን የአየር ንብረት ለውጥ በአንዲስ ሁሉ እያደረገው ነው። ከ5,000 ሜትር በላይ የኢንካ ሥርዓት ምልክት ያለባቸው ተራሮች ከመቶ በላይ ናቸው። በረዶውና ቋሚው ቅዝቃዜ ሲለቅ ወርቁ ምንም አይሆንም፤ ሌላ አምስት መቶ ዓመት ይቆያል። የሚጠፋው ኩታው፣ መቀነቱ፣ ላባው፣ ክሩ ነው፤ ምስሉን ከብረት ለይቶ ሰው ያደረገው ሁሉ በአንድ ክረምት እርጥበት ሊበሰብስ ይችላል። ስለዚህ አደጋውን በወርቅ መጥፋት የሚለካ ሰው አደጋውን ጨርሶ አያየውም።

ታዲያ ማውረድ ይሻላል ወይስ መተው? በአርጀንቲናዋ በሳልታ ከተማ በ2004 የተከፈተው የከፍተኛ ተራራ ሥነ ቁፋሮ ሙዚየም የዩያይያኮን ልጆች ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴልሺየስ በቀዘቀዘ፣ ኦክስጅኑ በተቀነሰ የመስታወት ክፍል ይዞ፣ ከ2007 ጀምሮ ከሦስቱ አንዱን ብቻ በየተራ ያሳያል። የአርጀንቲና የአገሬው ተወላጆች መሪዎች ግን የአባቶቻችንን ልጆች ከማረፊያቸው አውጥቶ ለተመልካች ማቅረብ ድፍረት ነው ሲሉ ተቃውመዋል፤ አገሪቱም በ2001 ባወጣችው ሕግ የተወላጆች አጽም ማኅበረሰቡ ከጠየቀ እንዲመለስ ደንግጋለች። ተቃውሞው ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። የልጅን ገላ ማሳየትና የብር ላማን ማሳየት አንድ አይደለም፤ ልጁን ከተመልካች ዓይን መሰወር ይቻላል፤ በሳንቲያጎ የኤል ፕሎሞው ልጅ ራሱ ተቀምጦ ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው መሆኑ መንገዱን ያሳያል። ምስሎቹን በተመለከተ ግን የእኔ አቋም የተለየ ነው። መበስበስና ድማሚት በሚጠብቃቸው ጫፍ ላይ መተው እነርሱን ማክበር አይሆንም፤ ሲወርዱ ግን ልብሳቸው፣ ጓዶቻቸውና ከመቃብሩ የወጣው ሁሉ ሳይነጣጠል፣ ለተራራው ቅርብ በሆነ ከተማ፣ ማኅበረሰቡ ድምፅ ባለው አስተዳደር ሥር መቀመጥ አለባቸው።

መመለስም እንደሚቻል በፔሩ ተራሮች ላይ ያለችው የኢንካ ከተማ፣ የማቹ ፒቹ፣ ጉዳይ አሳይቷል። አሜሪካዊው ሂራም ቢንጋም ከ1911 በኋላ ወደ የል ዩኒቨርሲቲ የወሰዳቸው ቅርሶች ከረጅም ክርክር በኋላ በ2011ና በ2012 ወደ ኩስኮ ተመልሰዋል። ፔሩ አንድ መቶ ዓመት ያህል ስትጠይቃቸው የኖረቻቸው ቅርሶች አብዛኞቹ የሸክላ ስብርባሪ፣ አጥንትና ድንጋይ ነበሩ፤ ሚዛን ላይ ቢወጡ ዋጋ አያወጡም። አገሪቱ የጠየቀችው ከአንድ ቦታ የወጣ ነገር ወደ ቦታው እንዲመለስ ነው። በውጭ አገር መሳቢያ ውስጥ ላሉት እርቃን ምስሎች ይህ መንገድ ይከብዳል፤ የትኛው ተራራ እንደሚጠይቃቸው የሚያውቅ የለምና። ለቀሩት ግን ጊዜው አላለፈም፤ በሳልታው ሙዚየም ከዩያይያኮ የወረዱት ምስሎች ዛሬም ኩታቸውን ለብሰው፣ መርፌያቸው ሳይፈታ፣ ላባቸውን እንደደፉ ቆመዋል።